በስንዴያችን ውስጥ ያለው የራይ ክንድ

በአርሲና በባሌ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ አዲስ ዘር ሲቀርብለት የሚጠይቀው ምን ያህል ኩንታል እንደሚሰጥ፣ ዋግ ይችል እንደሆነና ዱቄት ፋብሪካው በጥሩ ዋጋ ይወስደው እንደሆነ ነው። በብዙ ዝርያዎች የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ በከፊል የተቀመጠው ስንዴ ካልሆነ ተክል በተወረሰ የክሮሞዞም ቁራጭ ላይ ነው። ተክሉ ራይ ይባላል። በሰሜንና በምሥራቅ አውሮፓ ጥቁሩ ዳቦ የሚጋገርበት፣ ብርድንና ደካማ አፈርን የሚችል የስንዴ ዘመድ ነው። በአገራችን ራይ ለብቻው የታወቀ ሰብል አይደለም። በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የሚዘራው ትሪቲካሌ ግን የስንዴና የራይ ሙሉ ድቅል ነው፤ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎቻችንም ከራይ ጋር የተዛመዱት ከአርባ ዓመት በፊት ነው።

ከቻይና እስከ አሜሪካ ያሉ የስንዴ ተመራማሪዎች ዛሬ ይህን ዝምድና በዝርያ በዝርያ እየፈተሹ ነው። የትኛው ዝርያ የራይ ቁራጭ ተሸክሟል? የትኛውን ቁራጭ? ቁራጩስ ዛሬም ይሠራል? ጥያቄዎቹ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ቢመስሉም፣ መልሳቸው በተሳሳተባቸው ዓመታት ማሳ ሙሉ ስንዴ በዋግ ተመትቶ ቀርቷል። ኢትዮጵያ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ በቅርብ አይታዋለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁራጩ ከየት መጣ

የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞሞች አሉት፤ ኤ፣ ቢ እና ዲ ተብለው ከሚጠሩ ሦስት የዘር ምንጮች የተሰባሰቡ ናቸው። ራይ 14 ክሮሞዞሞች አሉት። ሁለቱ ሲዳቀሉ አልፎ አልፎ ክሮሞዞሞቻቸው መሀላቸው ላይ ይሰበሩና የአንዱ ክንድ ከሌላው ክንድ ጋር ይጋጠማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጀርመን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ፔትኩስ ከተባለው የራይ ዝርያ የ1ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ በስንዴው 1ቢ ክሮሞዞም አጭር ክንድ ቦታ ገባ። ተመራማሪዎች 1ቢ/1አር የሚሉት ግጣም ይህ ነው።

ማንም ሰው ጂን በመርፌ አላስገባም። ግጣሙ በተራ ማዳቀልና በመምረጥ የተገኘ ስለሆነ በተለምዶ ልውጠ ህያው ከምንላቸው ሰብሎች ወገን አይመደብም። በዲኤንኤ መመርመርም ዘሩን አይለውጠውም። ሁለቱ ነገሮች በሕዝብ ውይይት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ ከመነሻው መለየታቸው ይጠቅማል።

ግጣሙን ወደ ዓለም ያሰራጩት በሶቪየት ኅብረት ክራስኖዳር የነበሩት አዳቃይ ፓቬል ሉክያኔንኮ ናቸው። አቭሮራና ካቭካዝ የተባሉት ዝርያዎቻቸው የራይ ክንዱን ይዘው ወጡ። የዘር ሳይንቲስቶች ክንዱ የራይ መሆኑን ያረጋገጡት በ1973 ሲሆን፣ አዳቃዮቹ ግን ከዚያ በፊትም በማሳ ላይ የሚያዩት ውጤት በቂያቸው ነበር። ሜክሲኮ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ሲሚት፣ ካቭካዝን ከራሱ አጭር ቁመት ስንዴዎች ጋር አዳቀለና ቪሪ የተባለውን ቤተሰብ አወጣ። የቪሪ ልጆች በእስያ፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ በየአገሩ የየራሳቸው ስም እየተሰጣቸው ተለቀቁ። ዳሸን ብለን የምናውቀው ዝርያ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ተቆርሶ የማይሰጥ ውርስ

ይህ ክንድ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል። የግንድ ዋግን የሚከላከለው ኤስአር 31፣ የቅጠል ዋግን የሚከላከለው ኤልአር 26፣ የቢጫ ዋግን የሚከላከለው ዋይአር 9 እና የአመዳይ በሽታን የሚከላከለው ፒኤም 8 አንድ ላይ የተቀመጡት እዚሁ ክንድ ላይ ነው። አዳቃይ አራት ጂን ለየብቻ ሲያሳድድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ይህ ክንድ አራቱንም በአንድ ማዳቀል ሰጠው።

ለመነጠል የማይመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። በስንዴ 5ቢ ክሮሞዞም ላይ ያለ ፒኤች 1 የተባለ ጂን፣ ክሮሞዞሞች ከራሳቸው ጥንድ በስተቀር ከዘመድ ጋር እንዳይጣመሩ ይከለክላል። ስለዚህ የራይ ክንዱ ከስንዴው ክንድ ጋር ቁራጭ አይለዋወጥም፤ ከነሙሉው ይወረሳል፣ ወይም ከነሙሉው ይቀራል። አንድ ምልክት ብቻ ተገኝቶ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አለ ማለት የሚቻለው ለዚህ ነው፤ ምርመራውን ርካሽና አስተማማኝ ያደረገው ይኸው ባሕርይ ነው። በዚያው ልክ ግን የማይፈለገውን የራይ ፕሮቲን ጥሎ የሚፈለገውን መከላከያ ብቻ በተራ ማዳቀል ማስቀረት አይቻልም። የስንዴው ክንድ ሲወጣም በላዩ የነበሩት ለሊጥ ጥንካሬ የሚያስፈልጉ ጂኖች አብረው ይወጣሉ።

በሽታ መከላከል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መከላከያዎቹ አንድ በአንድ ሲሰበሩ አዳቃዮች ክንዱን ይተዉት ነበር። አልተዉትም፤ ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ፣ አዳም ሉካሼቭስኪ የራይ ክንዱን ፓቮን 76 ውስጥ ሲያስገቡ (ይህ እኛም ዘንድ የተዘራ ዝርያ ነው) ክንዱን የያዙት ተክሎች ካልያዙት የበለጠ ሥር አወጡ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የክንዱ ጫፍ ሲነካ የሥሩ ርዝመትና ውሃ ባነሰበት መሬት የሚገኘው ምርት እንደሚለወጥ አሳዩ። በ2023 የታተመ ሥራም ለውጡ ኦፒአር 3 ከሚባሉት ጂኖች ቁጥር ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋገጠ፤ ቅጂዎቹ ሲበዙ ሥሩ ያጥራል። ዝናብ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ከዋግ መከላከያው ያላነሰ ሀብት ነው።

በእኛ ማሳ ላይ የሆነው

ዳሸን በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ገበሬ ሲደርስ ምርታማነቱ ያስደንቅ ነበር፤ በአርሲና በባሌ በሰፊው ተዘራ። ቢጫ ዋግን የሚመክተው በዋናነት በራይ ክንዱ ላይ ባለው ዋይአር 9 ነበር። በ1986 አካባቢ በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ጂን የሚያልፍ የዋግ ሬስ ታየ። ሬስ የሚባለው የዋግ ፈንገስ ዓይነት ነው፤ አንዱ ሬስ ከሌላው የሚለየው የትኛውን የስንዴ መከላከያ ማለፍ እንደሚችል ነው። በ1988 ዳሸን በቢጫ ዋግ ተመታ። ሬሱ በዚያ አላበቃም፤ በየመን፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በምዕራብ እስያ አልፎ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ደቡብ እስያ ደረሰ። በየደረሰበት የሚጠብቀው ያው የቪሪ ዘር፣ ያው አንድ ጂን ነበር።

የግንድ ዋግ መከላከያው ኤስአር 31 ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። በዚህ ምክንያት የዓለም ስንዴ በእርሱ ላይ መደገፉን ብዙዎች እንደ አደጋ አላዩትም። በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ካሌንግዬሬ በተባለ የምርምር ጣቢያ፣ ክንዱን የያዙ ስንዴዎች ግንዳቸው በቀይ ቡናማ ዋግ ተሸፍኖ ተገኘ። ዩጂ 99 የተባለው ይህ ሬስ በ2001 ኬንያ፣ በ2003 ኢትዮጵያ ታየ። ኖርማን ቦርሎግ በ2005 ናይሮቢ ላይ ያሰሙት የማስጠንቀቂያ ጥሪ የመጣው ከዚህ ነው። በ2019 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ዩጂ 99 የተወለደው ሁለት የፈንገስ ዘሮች ሙሉ ኒውክሊየስ ተለዋውጠው መሆኑን አሳየ። ፈንገሱ ከራሱ ስህተት አንድ በአንድ እየተለወጠ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ እርምጃ አዲስ ማንነት ሊለብስ ይችላል ማለት ነው። አዳቃዮች የአንድን ጂን ዕድሜ ሲገምቱ ይህን መንገድ በስሌታቸው አላስገቡትም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ብዙ ጊዜ በስህተት ይነገራል። በ2010 ኩብሳ በቢጫ ዋግ ሲመታ የተሰበረው ዋይአር 27 የተባለው ጂን ነበር፤ ይህ ከራይ የመጣ አይደለም። ገበሬው ኩብሳን ትቶ ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉም በ2013 በግንድ ዋግ ተመታ፤ በባሌና በአርሲ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የጠፋባቸው ማሳዎች ነበሩ። የመታው ሬስ፣ በኮዱ ቲኬቲቲኤፍ፣ የዩጂ 99 ዘር አልነበረም። ያለፈውም ኤስአርቲኤምፒ የተባለውን የስንዴ ጂን ነው። ይኸው ሬስ ኤስአር 31ን ማለፍ አልቻለም፤ አብቅቶለታል የተባለው የራይ መከላከያ ዲገሉን ያጠፋውን ሬስ ይመክት ነበር።

ከዚህ ተነስቶ የራይ ክንዱ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ትርጉም እንደሌለው ይታያል። ዩጂ 99 በሚበዛበት ወቅትና አካባቢ ኤስአር 31 ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሌላ ሬስ በሚበዛበት ደግሞ ጠቃሚ ነው። አራቱም አደጋዎች የሚጋሩት ነገር የጂኑ ምንጭ አይደለም። ሰፊ መሬት በአንድ ዝርያ፣ ዝርያውም በአንድ ጂን ላይ መቆሙ ነው፤ ያ ጂን ከራይ ይምጣ ከስንዴ ለፈንገሱ ለውጥ የለውም።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል

ቀደም ባሉት ዓመታት ክንዱን ለማየት ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ክሮሞዞሙን በማቅለሚያ ቀልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ የራይ ዲኤንኤ ከስንዴው ተለይቶ እንዲበራ ማድረግም ተችሏል። ሌላው ፕሮቲኑን ከዱቄት አውጥቶ በጄል ላይ ማንጠር ነው፤ ሴካሊን የተባለው የራይ ፕሮቲን ራሱን የቻለ መስመር ይሠራል። ሁለቱም አስተማማኝ ቢሆኑም ቀርፋፋ ናቸው።

ዛሬ የተለመደው ፒሲአር ነው። ሁለት ቅጠል ካወጣ ቡቃያ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይወሰድና ይፈጫል፤ ዲኤንኤው ይጣራል፣ የራይን ክንድ ብቻ በሚያውቁ መነሻዎች ይባዛል፣ ከዚያ በጄል ላይ ይሮጣል። ኤስሲኤም 9 በተባለው ምልክት ክንዱ በ1ቢ ላይ ከተጋጠመ 207 የዲኤንኤ ፊደል ርዝመት ያለው ቁራጭ ይታያል። ከሌላ ራይ መጥቶ በ1ኤ ላይ የተጋጠመው ደግሞ 228 ያሳያል። ክንዱ ከሌለ ቦታው ባዶ ነው። በጄሉ ላይ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር የ21 ፊደል ልዩነት ሁለት የተለያዩ የመከላከያ ታሪኮችን ይለያል። በ1ኤ ላይ ያለው ክንድ፣ አሚጎ ከተባለው የአሜሪካ ስንዴ የተወረሰው፣ የያዘው የግንድ ዋግ መከላከያ ዩጂ 99ን የሚመክት ነው። «የራይ ክንድ አለው» ብሎ መዝግቦ መተው እንግዲህ ግማሽ መረጃ ነው።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። ምልክቱ የራይን ዲኤንኤ ብቻ ስለሚያይ ከሁለቱም ወላጅ የወረሰውን ተክል ከአንዱ ብቻ ከወረሰው አይለይም፤ ለዚህ የስንዴውን ክንድ የሚያሳይ ሁለተኛ ምልክት ጎን ለጎን መሮጥ አለበት። አንዳንድ ዝርያዎች በውስጣቸው ድብልቅ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ተክሎች ክንዱን ይይዛሉ፣ ቀሪዎቹ አይይዙም። ከከረጢቱ አንድ ፍሬ ወስዶ ለዝርያው ሁሉ መፍረድ ስለዚህ አያስተማምንም። የዘር ሐረግን አንብቦ መገመትም እንዲሁ ነው። ከአንድ ማዳቀል የወጡ እህትማማች መስመሮች ክንዱን ሊወርሱም ላይወርሱም ይችላሉ።

ከሁሉም ከባዱ ግን ጂኑ መኖሩ መሥራቱን አለማረጋገጡ ነው። የዚህ ምሳሌ ፒኤም 8 ነው። በአንዳንድ ስንዴዎች ጂኑ አለ፣ ተክሉ ግን በአመዳይ ይጠቃል፤ ምክንያቱ ፒኤም 3 የተባለው የስንዴው የራሱ ዘመድ ጂን ከራይ የመጣውን ስለሚያፍነው ነው። ለዚህ የዲኤንኤ ውጤት ሁልጊዜ ከቡቃያ ፍተሻ ጋር መነበብ አለበት። ቡቃያው በተለየ ሬስ ስፖር ይረጫል፣ እርጥበት ባለው ጨለማ ያድራል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ላይ ያለው ምልክት ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ይነበባል። ነጥብ ብቻ ያሳየው ተከላክሏል፤ ትልቅ የዋግ ቁስል ያወጣው ተሸንፏል። በአገራችን የአምቦ ዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በሬስ ትንተና፣ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በማሳ ፍተሻ የታወቁ ናቸው፤ ኬንያ ያለው የንጆሮ ጣቢያም ከብዙ አገር የሚላኩ ስንዴዎችን በዋግ ሞልቶ ይፈትናል። አቅሙ የለም ማለት አይቻልም። የሚጎድለው የዲኤንኤው፣ የቡቃያውና የማሳው ውጤት በአንድ መዝገብ ላይ ተገናኝቶ ከዘሩ ጋር አብሮ መጓዙ ነው።

ሊጡም ዋጋ ይከፍላል

ሴካሊን ወደ ሊጥ ሲገባ ሊጡ ይጣበቃል፣ ግሉተኑም ይላላል። በቤት በእጅ ለሚቦካ አምባሻ ወይም ድፎ ዳቦ ይህ ብዙም አይከብድም፤ እጅ ሊጡን እያየ ውሃና ዱቄት ይጨምራል። ችግሩ የሚታየው በፍጥነት በሚዞር ማቡኪያ ነው፤ ሊጡ ከብረቱ ጋር ይያያዝና መስመሩን ያስቆማል። በ2020 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀውን የሸገር ዳቦ የሚያህሉ ፋብሪካዎች እየበዙ በሄዱ ቁጥር ጥያቄው ከአዳቃዩ ጠረጴዛ ወደ ዱቄት ገዥው ይሸጋገራል።

ሉካሼቭስኪ ፒኤች 1ን አስወግደው የራይ ክንዱ ከስንዴው ጋር እንዲለዋወጥ በማድረግ፣ ሴካሊኑ በስንዴ ቁራጭ የተተካበት ክንድ ሠርተዋል። የሊጡ ጥራት ተሻሻለ። ዴቪስ ላይ በተደረገው የማሳ ሙከራ ግን የክንዱ ጫፍ በስንዴ የተተካባቸው መስመሮች ምርታቸው ቀነሰ፤ ለሥሩ የሚጠቅመው ክፍል አብሮ ሄዶ ነበር። ጥሩ ዳቦና ጥሩ ሥር በክንዱ ላይ በአጭር ርቀት ብቻ የተለያዩ ጎረቤቶች ናቸው። የጫፉን የራይ ክፍል ጠብቆ ሴካሊኑን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ሥራው ግን ጊዜና ብዙ ሺህ ቡቃያ መመርመርን ይጠይቃል። ምርመራው ርካሽ በመሆኑ ብቻ የሚቻል ሥራ ነው።

ከዚህ ወዴት?

በኢትዮጵያ የጉዳዩን ክብደት የቀየሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የበጋ መስኖ ስንዴ ነው። ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ብቻ ነው፤ ቀድሞ በመኸርና በበልግ መካከል ስንዴ የማይገኝባቸው ወራት ፈንገሱን ያዳክሙት ነበር። አሁን በቆላም በደጋም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስንዴ ካለ፣ ስፖሩ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገርበት ድልድይ ተሠራለት። ሁለተኛው ኩታ ገጠም ነው። አርሶ አደሮች መሬታቸውን አጋጥመው አንድ ዝርያ ሲዘሩ ማረስ፣ ማጨድና መሸጥ ይቀላል፤ ፈንገሱም አንድ መከላከያ ካለፈ በኋላ የሚያስቆመው ድንበር አያገኝም። በ2023 ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ ከተባለ በኋላ አንድ የዋግ ወረርሽኝ የሚያስከትለው ጉዳት ከገበሬው ጎተራ አልፎ የአገር ስሌት ሆኗል።

አሁን ባለው አካሄድ ብቻ ከቀጠልን፣ የራይ ክንዱ ሳይታወቅ ከዝርያ ወደ ዝርያ ይተላለፋል፤ ብዙ ስም ያላቸው ዝርያዎች በውስጣቸው አንድ ዓይነት መከላከያ ብቻ ሊይዙ ይችላሉ። ገበሬው ዝርያ ቀየርኩ ሲል ፈንገሱ ያው በር ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚቀረው ቲልትና ሬክስዱዮ የተባሉትን ፀረ ፈንገስ ኬሚካሎች መርጨት ነው፤ ኬሚካሉ በወቅቱ ከደረሰና ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ካለው ይሠራል፤ በባሌ በ2010 ብዙዎች ያልደረሰላቸው ግን ይኸው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ክንዱን አውቆ መጠቀም ነው። ኤስአር 2ንና ኤልአር 34ን የመሰሉ፣ ዋግን ሙሉ በሙሉ የማያቆሙ ግን በብዙ ሬሶች ላይ የሚያዘገዩ ጂኖች ከራይ ክንዱ ጋር በአንድ ዝርያ ሲደረቡ ፈንገሱ በአንድ ለውጥ ሁሉንም ማለፍ አይችልም። የቡቃያ ፍተሻ ብቻውን የተደረቡትን ጂኖች ለይቶ አያሳይም፤ አንዱ ከሠራ ሌላው መኖሩ አይታወቅም። መደረብ የሚቻለው በዲኤንኤ ምልክት ነው። እኔ የማመዝነው ይህን መንገድ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አዲስ ሕግም አዲስ ቴክኖሎጂም አይጠብቅም።

ሦስተኛው ከራይ አዲስ ነገር መፈለግ ነው። ኢምፔሪያል ከተባለው ራይ የተገኘው ኤስአር 50 ዩጂ 99ን ይመክታል፤ በ2015 ተነጥሎ ታወቀ። የራይ ሙሉ ዘረመል በ2021 ስለታተመ የሌሎቹ ፍለጋ ቀሏል። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ኤስአር 50ን ጨምሮ አምስት ጂን በአንድ ላይ ወደ ስንዴ አስገብተው ሰፊ የግንድ ዋግ መከላከያ አግኝተዋል። ይህ ግን ልውጠ ህያው ነው። ኢትዮጵያ የደኅንነተ ሕይወት ሕጓን በ2015 አሻሽላ በ2018 ለቢቲ ጥጥ ፈቃድ ብትሰጥም፣ ዳቦ የሚሆን ስንዴ ሌላ የሕዝብ ውይይት ይጠይቃል፤ ለሚቀጥሉት ጥቂት የመኸር ወቅቶች መፍትሔ አድርጎ መቁጠር አያዋጣም።

አንድ ዝርያ ለመለቀቅ ወደ አጽዳቂው ኮሚቴ ሲቀርብ ምርቱ፣ ቁመቱ፣ የመድረሻ ቀኑና በማሳ ላይ የታየው የዋግ መጠን ይቀርባል። በዚያ ሰነድ ላይ ሦስት መስመር መጨመር ብዙ ወጪ የለውም፦ የራይ ክንድ አለ ወይ፣ ካለ በየትኛው ክሮሞዞም ላይ፣ አብሮት የተደረበው መከላከያ ምንድን ነው። ይህ መረጃ በዝርያዎች መዝገብ ታትሞ ቅድመ መስራችና መስራች ዘር ለሚያባዙ ድርጅቶች ከደረሰ፣ በአንድ ወረዳ ኩታ ገጠም ላይ በስም የተለያዩ ግን በመከላከያ አንድ የሆኑ ዝርያዎች እንዳይሞሉ አስቀድሞ ማከፋፈል ይቻላል። የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓቱም አዲስ ሬስ መታየቱን ለባለሥልጣናት ባስጠነቀቀ ማግስት የትኞቹ ወረዳዎች ቀድመው መረጨት እንዳለባቸው ከማሳ ጥሪ ሳይጠብቅ ከመዝገቡ ሊያነብ ይችላል።